ወንበሩን የሚጠሉ ሰዎች ወንበር ሲይዙ

ከዓመታት በፊት 40 ያህል አባላት የነበሩት የአንድ ትንሽ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ካዝናው ለጠብ የማያበቃ፣ ስሙም ከአባላቱ ውጪ ማንም የማያውቀው ማኅበር ነው። የመተዳደሪያ ደንቡን እንዳረቅቅ ሲሰጠኝ ግን ለአገር ሕገ መንግሥት እንደሚጽፍ ሰው ነበር ደረቴን የነፋሁት። ወቅቱ ስለ ሥልጣን ክፋት የሚጽፉ ሊበርታሪያኖችን እያሳደድኩ የማነብበት ነበርና አንቀጽ 7 ላይ ስደርስ ብዕሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፦ «ሊቀመንበሩ ከሁለት ዓመት በላይ በኃላፊነቱ ሊቆይ አይችልም፤ በምንም ምክንያት።» ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

ጊዜ አለፈና ሊቀመንበሩ እኔው ሆንኩ። ሁለተኛው ዓመት ሊገባደድ ሲል በእጄ ላይ ያላለቀ ሥራ ነበረ፤ እኔ ከለቀቅሁ ገደል የሚገባ የመሰለኝ፣ ዛሬ ዝርዝሩን እንኳን ለማስታወስ የምቸገርበት ሥራ። «ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ» የሥራ ዘመኔ በአንድ ዓመት እንዲራዘም አጀንዳ አስያዝኩ። በስብሰባው ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አረጋዊ አባል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እስቲ አንቀጽ 7ን ጮክ ብለህ አንብብልን። መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ።»

መነጽራቸው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሎ ይታየኝ ነበር። አነበብኩ። የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ያሰመርኩባቸው ሁለት መስመሮችም እዚያው ናቸው።

የዚያን ቀን የሆነውን ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን የማነሣው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለማይለቀኝ ጥያቄ ነው፦ ሥልጣን ይነስ የሚል ሰው ሥልጣን ለመያዝ ሲወዳደር ምን ይሆናል?

ሊበርታሪያን ሲባል ብዙ ሰው ግብር መክፈል የማይወድ ባለጸጋ ነው የሚታየው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ማንም ሰው በሌላው አካልና ንብረት ላይ ጉልበት ጀማሪ መሆን የለበትም፤ አንድ ግለሰብ ሲያደርገው ነውር የሆነ ድርጊት ማኅተም ስላረፈበት ብቻ ጽድቅ አይሆንም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን እስከ ጥጉ የሚገፉት መንግሥት ጭራሽ አይኑር ይላሉ። ለዘብ ያሉት ደግሞ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና የመከላከያ ኃይል ይበቃዋል ባዮች ናቸው። እኔ ከለዘብተኞቹ ጋር ነኝ፤ እነሱም ቢሆኑ ግማሽ ቀን አብሬያቸው ስውል ያደክሙኛል። (ቃሉን በፖለቲካ ትርጉሙ ያስገባው የኢኮኖሚ ሊቅ እንዳይመስላችሁ። በ1857 ዦዜፍ ዴዣክ የተባለ ፈረንሳዊ አናርኪስት፣ የግድግዳ ወረቀት በመለጠፍ የሚተዳደር ሠራተኛ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ጉዳዩ የራሱ ጣጣ አለው። «መንግሥት» የሚለው ቃል «ነገሠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ዛሬ ወንበር ላይ ላሉት ሹማምንትም፣ ሹማምንት ቢለዋወጡም ለማይለወጠው የግዳጅ ሥርዓትም የምንጠቀመው ይህንኑ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ «መንግሥት ይነስ» ያለ ሰው «መንግሥት ይውረድ» ያለ ይመስላል። ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው። መንግሥት ይውረድ የሚለው ብዙውን ጊዜ ወንበሩን እንዳለ ይፈልገዋል፤ የሚጠላው የተቀመጠበትን ሰው ነው። ፓርቲ የሚባለው ነገር የተሠራው ለዚህኛው ፍላጎት ነው። መንግሥት ይነስ ለሚለው ፍላጎት የተሠራ መሣሪያ አለ ወይ?

አሜሪካኖች ሞክረዋል። በነሐሴ ወር 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ደመወዝና ዋጋ ለ90 ቀናት ባለበት እንዲቆም አዘዙ፤ ዶላርን በወርቅ መመንዘርም አስቆሙ። ገበያ ነጻ ይሁን ሲል የኖረ የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪ በአንድ ምሽት ንግግር የአገሩን ዋጋ ሁሉ አሰረ። በዚህ የተቆጡ ጥቂት ሰዎች በዴቪድ ኖላን አነሳሽነት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኮሎራዶ ውስጥ ሊበርታሪያን ፓርቲን መሠረቱ። አባል የሚሆን ሰው ፖለቲካዊ ወይም ማኅበራዊ ግብ ለማሳካት ጉልበት ቀድሞ መጠቀምን እንደማይደግፍ በፊርማው ያረጋግጣል። ለፓርቲ እንግዳ ነገር ነው። አናጢ መጋዝ ላለመንካት ሲምል አስቡት።

በሚቀጥለው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የፍልስፍና መምህሩን ጆን ሆስፐርስን፣ ለምክትልነት ቶኒ ኔታንን አቀረቡ። ስማቸው የታተመው በሁለት ክፍላተ ግዛት የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር፤ ያገኙት የሕዝብ ድምፅም 4 ሺህ አልሞላም። ይሁንና የፕሬዚዳንቱን ምርጫ የሚያጸድቁት ወኪል መራጮች ድምፅ ሲሰጡ ሮጀር ማክብራይድ የተባለ የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን ኒክሰንን መምረጥ ሲገባው ሆስፐርስንና ኔታንን መረጠ። በዚህም ቶኒ ኔታን በአሜሪካ ታሪክ የወኪል መራጭ ድምፅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ፓርቲው ያን ድምፅ ያገኘው ተደራጅቶ፣ ቀስቅሶ፣ ቤት ለቤት ዞሮ አልነበረም፤ አንድ ሰው የራሱን ፓርቲ ትእዛዝ ስለጣሰ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ያን ትእዛዝ ጣሽ የራሳቸው ዕጩ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ፓርቲ የሚሆነውን ሆኑ። በ1980 ሕጉ ዕጩ ተወዳዳሪ ከራሱ ኪስ ያለ ገደብ እንዲያወጣ ስለሚፈቅድ ባለሀብቱን ዴቪድ ኮክን ለምክትልነት አቀረቡ፤ ዋናው ዕጩ ኤድ ክላርክ 920 ሺህ ያህል ድምፅ አገኘ፤ አንድ በመቶ ገደማ። መሥመሩን ለብዙኃኑ እንዲጥም አለስልሷል የሚል ክስ ወዲያው ተነሣ፤ በ1983 ጉባኤ ላይም አንደኛው ክንፍ ጥሎ ወጣ። መቼም ሥልጣን ሳይዙ በሥልጣን መጣላት ራሱ ችሎታ ነው።

ከሁሉ በላይ የምመላለስበት ግን በ2016 ኦርላንዶ ላይ በተደረገው የዕጩዎቹ ክርክር የሆነው ነው። መንጃ ፈቃድ መኖር አለበት ወይ ተብለው ተጠየቁ። የቀድሞው የኒው ሜክሲኮ ገዢ ጋሪ ጆንሰን ሰው መኪና ከማሽከርከሩ በፊት መቻሉ ቢረጋገጥ መልካም ነው የሚል መልስ ሰጠ። አዳራሹ በጩኸት ተቃወመው። የራሱ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ቪዲዮውን ሳየው እንደ ማንም ሰው ሳቅሁ። ደግሜ ሳየው ግን የሚጮኹት ሰዎች ተሳስተዋል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። መንጃ ፈቃድ ይኑር የሚለው ክርክር፣ ያልቻለ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ አስቀድሞ ይታገድ የሚለው፣ ለሁሉም ፈቃድ ይሠራል፤ ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለአስጎብኚውም፣ ለጋዜጠኛውም። የትኛው ላይ ነው የምታቆመው? ጆንሰን «እዚህ ላይ» አለ፤ መስመሩን ያሰመረበትን ምክንያት ግን አልተናገረም። እኔም ብሆን የምናገረው የለኝም። በመንጃ ፈቃድ ግን አምናለሁ።

ጆንሰን ጩኸቱን ችሎ ዕጩ ሆነ፤ በኅዳሩም ምርጫ ወደ 4.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ፣ 3.3 በመቶ አገኘ። ፓርቲው ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያህል አግኝቶ አያውቅም። በ2020 ወደ 1.2 በመቶ፣ በ2024 ወደ 0.4 በመቶ ወረደ። አንድ አሸናፊ ብቻ በሚወጣበት የምርጫ ሥርዓት ሦስተኛ መሆን ማለት ከተራ ውጪ መሆን ነው፤ ይህን ለማወቅ የፖለቲካ ሳይንስ አያስፈልግም።

በግንቦት 2024 ጉባኤያቸው ላይ ዶናልድ ትራምፕን ጋበዙ። እንግዳው በፉጨትና በጩኸት ሲቀበሉት በየአራት ዓመቱ በሚያገኙት 3 በመቶ ተሳለቀባቸው፤ ቢመርጡት ግን ሮስ ኡልብሪክትን እንደሚፈታ ቃል ገባ። ሲልክ ሮድ የተባለውን ስውር የኢንተርኔት ገበያ ያቋቋመውና ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ኡልብሪክት ለሊበርታሪያኖች የመንግሥት ጭካኔ ምልክት ነበር። በጥር 2025 ይቅርታው ተፈረመ። ደስ አለኝ፤ ቅጣቱ ከመጠን ያለፈ ነበር ብዬ ስለማምን። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሰውየው የተፈታው በምን ነው? ማንም ሊሽረው፣ ማንም ምክንያት ሊጠይቀው በማይችል የአንድ ሰው ፊርማ። ከዘውድ የተወረሰ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ከሚባልበት ዘመን የተረፈ ሥልጣን ነው። የነጻነት ወዳጆች ያገኙት ትልቁ ድል ንጉሣዊ ምሕረት ሆነ።

ጀርመን ተወላጁ የኅብረተሰብ አጥኚ ሮበርት ሚሼልስ ይህን የመሰለ ነገር ቀደም ብሎ አይቶታል። በ1911 ባሳተመው ጥናቱ ለእኩልነት የቆሙትን የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች መርምሮ ድርጅት የሚባል ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ በጥቂቶች እጅ እንደሚገባ ጻፈ፤ የኦሊጋርኪ የብረት ሕግ አለው። ጸሐፊው ስብሰባ ይጠራል፣ ሰነዱ በእጁ ነው፣ ከሌላው ይልቅ ያውቃል፤ ሳያስበው የማይተካ ይሆናል። እኔ አንቀጽ 7 እንዲታለፍልኝ ስጠይቅ ይህንን ነበር የምለው፤ በብረት ሕግ ቋንቋ ሳይሆን «ሥራው በእኔ እጅ ነው» በሚል ቋንቋ። ሚሼልስ ራሱ በኋላ የጣሊያን ፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በሽታውን ያወቀ ሁሉ ከበሽታው አይድንም።

ሥልጣን እንዴት እንደሚያድግም እንዴት እንደሚቀርም የአንድ ሰው ታሪክ ብቻውን ይነግረናል፤ የነጻ ገበያ ጠበቃ የነበረው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት ሰዎች የገቢ ግብራቸውን ዓመቱ ካለፈ በኋላ ራሳቸው ቆጥረው ነበር የሚከፍሉት። ጦርነቱ ገንዘብ ፈለገ፤ ግብሩ ገና ከደመወዝ ላይ፣ ሠራተኛው ሳያየው እንዲቀነስ የሚያደርገውን ሥርዓት ካበጁት ባለሙያዎች መካከል ፍሪድማን ነበረበት። በ1943 ሕግ ሆነ። ጦርነቱ አለፈ፤ ቅነሳው ግን አለ፤ ዛሬም አለ። ሰው በእጁ ይዞ የማያውቀው ገንዘብ ሲሄድ አያመውም። ፍሪድማን በኋለኛው ዘመኑ ነገሩ ባይሆን ኖሮ እያለ ይመኝ ነበር፤ ለጦርነቱ ያስፈልግ ነበር ከማለት ግን አልተመለሰም። «ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለው ሐረግ ሊቃውንትንም ያታልላል ማለት ነው።

ይኸው ሰው በ1969 ኒክሰን የግዳጅ ውትድርናን ጉዳይ እንዲያጠና ባቋቋሙት፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ቶማስ ጌትስ በመሩት ኮሚሽን ውስጥ ተቀመጠ። ኮሚሽኑ ሲጀምር በደጋፊ፣ በተቃዋሚና ባልወሰነ የተከፋፈለ ነበር፤ ሲጨርስ ግን በአንድ ድምፅ ግዳጁ ይቅር አለ። በ1973 ሕጉ ዘመኑ ሲያበቃ ማንም ሳያድሰው አለፈ። ይህ ነው የሚገርመኝ። የአንድን አገር ወጣት ሁሉ ከቤቱ አስገድዶ የሚያወጣ ሥልጣን የቀረው ሊበርታሪያን ፓርቲ አሸንፎ አይደለም፤ ፓርቲው ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። የቀረው ሕጉ ላይ ማብቂያ ቀን ስለተጻፈበትና ቀኑ ሲደርስ ለማሳደስ የደፈረ ስላልነበረ ነው። (በ1980 ወጣቶች ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድደው ደንብ ተመልሶ መጣ። ሥልጣን ይተኛል እንጂ አይሞትም።)

ወንበሩን በእርግጥ ስለያዘው ሰው ሳላወራ ማለፍ አይሆንም። በኅዳር 2023 ራሱን አናርኮ-ካፒታሊስት (መንግሥት ጭራሽ አይኑር፣ ሁሉም በገበያ ይሁን ባይ) ብሎ የሚጠራው ሃቪዬር ሚሌይ ከ55 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በቅስቀሳው ወቅት የሞተር መጋዝ ይዞ ይዞር ነበር። በታኅሣሥ ሥራ በጀመረበት ቀን 18 የነበሩትን ሚኒስቴሮች 9 አደረጋቸው። በዚያው ወር ብቻ 25.5 በመቶ የነበረው የዋጋ ንረት በ2024 መጨረሻ በወር ወደ 2.7 በመቶ ወረደ። በመሃሉ ድህነት በ2024 የመጀመሪያ አጋማሽ ከሕዝቡ 52.9 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በሁለተኛው አጋማሽ ወደ 38.1 በመቶ ተመለሰ። ደጋፊውም ነቃፊውም የሚፈልገውን ቁጥር ከዚህ ውስጥ መምረጥ ይችላል።

እኔ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከፈረማቸው አዋጆች አንዱ የፕሬዚዳንት የቅርብ ዘመድ እንዳይሾም ይከለክል የነበረውን ደንብ አላላ፤ እህቱ ካሪና የጽሕፈት ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሆነች። ደንቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሥልጣንን የሚገድብ ነበር፤ ሊበርታሪያን ቢጽፈው አያሳፍረውም። ቀጥሎ ከ300 በላይ አንቀጾች ያሉት፣ ከኪራይ ቁጥጥር እስከ ንግድ ፈቃድ ድረስ ብዙ እገዳ የሚያነሣ አንድ ግዙፍ አዋጅ ያለ ምክር ቤት ይሁንታ አወጣ። በመጋቢት 2024 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አዋጁን ውድቅ አደረገው። አዋጁ ግን ጸና፤ ምክንያቱም በአገሪቱ ሕግ እንዲህ ያለ አዋጅ የሚሻረው ሁለቱም ምክር ቤቶች ሲጥሉት ብቻ ነው። ያን ሕግ በ2006 ያወጡት እነማን ናቸው? የሚሌይ ቀንደኛ ባላንጣዎች፣ አገሪቱን በየተራ የመሩት ባልና ሚስት ኪርሽነሮች፤ ለራሳቸው እንዲመች። የተሳለውን ቢላ ጠላታቸው አነሣው። በይዘቱ ብዙውን የአዋጁን አንቀጽ እደግፋለሁ፤ ይሁንና ነጻነት በአዋጅ ከታወጀ በአዋጅ ይነጠቃል፤ ቢላውም የሚቀጥለውን ባለተራ እየጠበቀ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ሊበርታሪያን ፕሬዚዳንት ብሆን የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ቢላ መስበር በሆነ፣ እላለሁ። እላለሁ እንጂ፣ አንቀጽ 7ን ያየ ያምነኛል?

«ታዲያ ከፓርቲው ራቁ» የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ኦበሮን ኸርበርት ለዓመታት የፓርላማ አባል ሆኖ በ1874 ከወጣ በኋላ ግብር እንኳን በፈቃድ ብቻ ይከፈል እያለ ሲጽፍ ኖረ። ክቡር ነው፤ ግን ግብሩ በፈቃድ አልሆነም። ይልቅ የሚማርከኝ ላይሳንደር ስፑነር ነው። በ1844 የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ ውድ ሆኖ ሳለ ስፑነር የራሱን የደብዳቤ ድርጅት ከፍቶ በርካሽ ማድረስ ጀመረ። መንግሥት በክስና በቅጣት አጨናንቆ አስዘጋው። ሆኖም በ1845 ምክር ቤቱ የፖስታ ዋጋ ቀነሰ፤ እስከ 300 ማይል 5 ሳንቲም። በ1851 ደግሞ ወደ 3 ሳንቲም ወረደ። ስፑነር ከሰረ፤ ደብዳቤ ላኪው አተረፈ። ድምፅ አልጠየቀም፤ ማንንም አላስገደደም፤ መንግሥት ያለውን ጉልበት ሳይነካ ጉልበቱን አሳፈረው።

ሁሉም ሰው ስፑነር አይሆንም፤ ወንበሩም ሊበርታሪያኖች ስለሸሹት ባዶ አይቀመጥም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ እመርጣለሁ። የምመርጠውን ሳመዛዝን ግን የነጻነት ቃል ምን ያህል ጊዜ እንዳነሣ መቁጠር ትቻለሁ። ይህ ሰው የሚጠላው ሰው ወንበሩን ቢይዝ ዛሬ የሚጠይቀውን ሥልጣን ይሰጠዋል ወይ ብዬ ነው የማየው። ማብቂያ ቀን ጽፎበታል ወይ? ቀኑ ሲደርስ አጀንዳ አስያዥ ይሆናል ወይ?

ያ ስብሰባ። አንብቤ ስጨርስ ጋሼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰብሳቢው ወደ ድምፅ እንሂድ አለ። ጥያቄዬ ወደቀ፤ የሰፋ ልዩነት ነበር። ያ እኔ ካልኖርኩ ገደል ይገባል ያልኩት ሥራ እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም፤ ማኅበሩም ምንም አልሆነም። ጋሼን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ ጉዳዩን አንሥተውብኝ አያውቁም። ሰብሳቢው «የሚደግፍ» ብሎ ሲጠይቅ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የማን እንደነበረ ግን እርሳቸውም አይተዋል፤ ከአንቀጽ 7 ሥር ሁለት ጊዜ ያሰመረው እጅ ነበር።